ስንብት ያጣ ቁስል

ጤነኛ ሰው እሾህ ቢወጋው ወይም ምላጭ ቢቆርጠው፣ ደሙ ቆሞ፣ ቦታው ጥቂት ቀን ቀልቶና አብጦ፣ ቅርፊት ይዞ፣ በመጨረሻም ቅርፊቱ ረግፎ ከሥሩ አዲስ ቆዳ ብቅ ሲል እያየ ያደገ ነውና፣ ይህ ሁሉ ሥራ በማን ትእዛዝ እንደ ተጀመረ፣ ይልቁንም በማን ትእዛዝ እንደ ቆመ ለመጠየቅ ምክንያት የለውም። ጥያቄው የሚነሣው ሥራው ተጀምሮ ሳይፈጸም በቀረበት ሰው ዘንድ ነው፤ ከእንዲህ ያሉት ሰዎችም ብዙዎቹ የስኳር ሕሙማን ናቸው።

በአዲስ አበባ ከሚገኙት የመንግሥት ሆስፒታሎች በአንደኛው፣ የእግር ቁስል በሚታጠብበት ጠባብ ክፍል፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አንድ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር ግራ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ነርሷ ፋሻውን ፈትታ ከጨረሰች በኋላ የመጨረሻው ጎዝ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ስለ ቀረ፣ ሳላይን አፍስሳበት እስኪርስ ትጠብቃለች። ቁስሉ ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ እግር መሬት በሚረግጥበት በኩል ነው፤ ስፋቱ ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙ አይበልጥም፤ ዙሪያው በደደረ ነጭ ቆዳ ተከቧል፤ መሀሉ ሊድን የተነሣ ቁስል እንደሚቀላ አልቀላም፣ ግራጫና ልስልስ ነገር ለብሷል። ነርሷ ምላጯን ይዛ የደደረውን ቆዳ በስሱ እየላጠች ስታነሣ፣ እሳቸው በአሰብ መንገድ፣ በኤሊዳር ሐሩር ጎማ ፈንድቶባቸው ያደሩበትን ሌሊት ያወጋሉ፤ ምላጩ ሥጋቸውን እየነካ ወጋቸው አይቋረጥም፣ ፊታቸውም አይለወጥም።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ስነካዎ ይሰማዎታል?»

«የቱ ጋ ልጄ?»

ነርሷ ደግማ አልጠየቀችም። ቁስሉን አጥባ፣ አዲስ ጎዝ አድርጋ ፋሻውን ማሰር ስትጀምር ግን ጥያቄው ከሽማግሌው መጣ።

«ስኳሬ እኮ ወርዷል ተብያለሁ፤ ሐኪሙ ራሱ በወረቀት አሳይቶኛል። ታዲያ እሱ ከወረደ፣ ይሄ ነገር ስለ ምን አልሽርም አለ?»

«ቁስሉ የራሱ ጊዜ አለው አባባ። እርስዎ ብቻ አይርገጡበት።»

የነርሷ ምክር፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ከመሰላት በላይ እውነት ነበር። የሽማግሌው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ቤተ ሙከራዎችን ለብዙ ዓመታት ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። ከስኳር ሕሙማን መካከል በዕድሜ ዘመናቸው የእግር ቁስል የሚይዛቸው ከመቶ ከ19 እስከ 34 እንደሚደርሱ፣ ከዳኑትም ከመቶ 40 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ዳግመኛ እንደሚቆስሉ፣ በ2017 የወጣ አንድ የታወቀ የሕክምና ጽሑፍ አስፍሯል (ዘመናቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የደም ሥር መጥበብ፣ የነርቭ መደንዘዝ፣ የረቂቃን ተሕዋስያን መግባት እያንዳንዳቸው በዚህ ደዌ ድርሻ አላቸው፤ ስለ እነርሱም ብዙ ተጽፏል። እኔ የምመለከተው ከእነዚህ ሁሉ ሥር ተሰውሮ የሚኖረውን ነገር ነው፤ ይኸውም ቁስልን ለማጽዳት የሚመጡት ነጭ የደም ሕዋሳት በጊዜው ጠባያቸውን ሳይለውጡ፣ በጊዜውም ሳይሰናበቱ ሲቀሩ የሚደርሰው ነው።

የእነዚህን ሕዋሳት ሥራ አስተውሎ ትርጉሙን ያገኘው ሰው ሐኪም አልነበረም። ኢልያ ሜችኒኮፍ የተባለው ሩሲያዊ የእንስሳት ጥናት ሊቅ በ1882 በሲሲሊያ ደሴት፣ በመሲና ከተማ ይኖር ነበር። ቤተ ሰቦቹ የሠለጠኑ ዝንጀሮዎችን ትርኢት ለማየት ወደ ሰርከስ በሄዱበት ቀን እርሱ ብቻውን ቀርቶ በማይክሮስኮፕ የባሕር ኮከብን እጭ ይመለከታል። የእጩ ገላ ብርሃን አሳላፊ ስለ ሆነ በውስጡ የሚንቀሳቀሱት ሕዋሳት ይታያሉ፤ እነርሱንም እያየ ሳለ፣ ከውጭ ባዕድ ነገር ቢገባባቸው ምን ያደርጉ ይሆን የሚል አሳብ ድንገት መጣለት። ወዲያውም፣ ከጥቂት ቀን በፊት አንዲት የመንደሪን ዛፍ ለልጆች የገና ዛፍ ሆና ወደ ተሸለመችበት አትክልት ስፍራ ወጥቶ የጽጌረዳ እሾህ ቀነጠሰና ከእጮቹ ቆዳ ሥር ሰካው። ሌሊቱን በጉጉት ሳይተኛ አደረ። ሲነጋ ሕዋሳቱ ከያሉበት ተጉዘው እሾሁን ከብበውት አገኛቸው። እርሱ በሊታ ሕዋሳት ያላቸው እነዚህ ፍጥረታት ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የ1908ን የኖቤል ሽልማት አስገኙለት።

ነገር ግን ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው የመሲናው ትርኢት ግማሹ ብቻ ነበር። ሕዋሳቱ ሲጠሩ ታዩ፤ እሾሁ ከተነሣ በኋላ እንዴት እንደሚሰናበቱ ግን በዚያ ማይክሮስኮፕ አልታየም። የዚህን ሁለተኛ ግማሽ ትርጉም ለማግኘት ሊቃውንቱ አንድ መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል።

ቆዳ ሲቆረጥ በደቂቃዎች ውስጥ ፕሌትሌት የሚባሉት የደም ቅንጣቶች ተጣብቀው ደሙን ያቆማሉ፤ በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት ከደም ሥር ሾልከው ወደ ቁስሉ ይገባሉ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ማክሮፋጅ የሚባሉት ትልልቆቹ በሊታዎች ይከተላሉ፤ በሳምንቱ ገደማ ፋይብሮብላስት የሚባሉት ሕዋሳት ኮላጅን እየፈተሉ ጉድጓዱን ይሞሉታል፤ ከዳር የሚነሣው ስስ ቆዳም በላዩ ይስፋፋል፤ ከዚያ በኋላ ጠባሳው ለብዙ ወራት እየጠነከረ ይሄዳል፤ ቢጠነክርም የቀድሞውን ቆዳ ብርታት ከመቶ 80 ያህሉን እንጂ ሁሉን አይመልስም። ይህ ሥርዓት በማንኛውም የሕክምና መማሪያ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፎቹ የማይነግሩን፣ ወይም በችኮላ የሚያልፉት፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው መሻገሪያው ምን እንደ ሆነ ነው።

ወደዚህ ምሥጢር የሚያደርስ መንገድ ከከፈቱት አንዱ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ራስል ሮስ ነው። በ1972 እርሱና ባልደረባው ኒውትሮፊሎችን በልዩ ሴረም ከእንስሳት ደም አስወግደው ቁስላቸውን ቢመለከቱ፣ ሁሉም ሰው ከጠበቀው ውጭ፣ ረቂቃን ተሕዋስያን ያልገቡበት ቁስል ያለ እነርሱም ዳነ። በ1975 ደግሞ በጊኒ ፒጎች ላይ በኮርቲዞንና በሴረም ማክሮፋጆችን ቢያስወግዱ፣ የቁስሉ ቆሻሻ ሳይጸዳ ቀረ፣ ፋይብሮብላስቶቹም ዘግይተው መጡ። ከዚያ በኋላ ማክሮፋጅ የጽዳት ሠራተኛ ብቻ ነው ብሎ መናገር አልተቻለም፤ የሚያድሱትንም የሚጠራው እርሱ ነውና። በ2010 በጀርመን የኮሎኝ ሊቃውንት ይህንኑ በአይጦች በደረጃ ለይተው መረመሩት፤ ማክሮፋጆች ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢወገዱ አዲሱ ሥጋ ሳይሞላ ቀረ፤ በመካከለኛው ጊዜ ቢወገዱ ቁስሉ ውስጥ ብርቱ የደም መፍሰስ ሆነ፤ በመጨረሻው ጊዜ ቢወገዱ ግን ምንም የተለወጠ ነገር አልታየም። አንድ ስም ያለው ሕዋስ አገልግሎቱ እንደ ጊዜው ይለያያል ማለት ነው፤ መዓርጉ የሚታወቀውም በሰዓቱ ነው።

አሮጌ ቤት አፍርሶ በቦታው አዲስ ለመሥራት ደቦ የጠራ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ዶማና መጥረቢያ ይዘው የመጡት ጎረቤቶች ባይመጡ የበሰበሰው ግድግዳ አይወድቅም፤ ግድግዳው ከወደቀ በኋላ ግን ዶማቸውን ሳያስቀምጡ ቢቀሩ፣ ማገሩን የሚያስረው፣ ጭቃውን የሚመርገው ሰው ጠዋት ያቆመውን ማታ ፈርሶ ያገኘዋል። በቁስል ውስጥ ዶማው የሚቀመጥበት ምልክት የሚገርም ነው። ኒውትሮፊል ሥራውን ሲጨርስ በሥርዓት ይሞታል፤ ማክሮፋጁ መጥቶ ሬሳውን ይውጠዋል፤ በ1998 በዴንቨር የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ መዋጥ ራሱ ማክሮፋጁን ይለውጠዋል፤ ብግነት የሚያስነሡትን መልእክቶች መላክ ትቶ፣ ብግነት የሚያበርዱትንና የሚያድሱ ሕዋሳትን የሚያነቃቁትን መላክ ይጀምራል። የሟቹ መቀበር የአዲሱ ዘመን መክፈቻ ነው እንደ ማለት ነው።

ሊቃውንቱ ይህን ለውጥ ሲሰይሙ ከ2000 ወዲህ የመጀመሪያውን ጠባይ ኤም አንድ፣ ሁለተኛውን ኤም ሁለት ብለው መጥራት ለመዱ። ስሙ ለመምህራን የተመቸ፣ ለእውነት ግን የጠበበ ይመስለኛል። ዛሬ እያንዳንዱን ሕዋስ ለየብቻ ማንበብ ከተቻለ ወዲህ፣ በሁለቱ ጠባያት መካከል ያሉት መዓርጋት ብዙ እንደ ሆኑ፣ አንድ ማክሮፋጅም ከሁለቱ ወገን ምልክት ይዞ እንደሚገኝ ታይቷል። እኔም ከዚህ በታች «የሚያጸዳ» እና «የሚያድስ» ስል ለንባብ ቅለት እንጂ ተፈጥሮ እንዲህ በሁለት ስለ ተከፈለ አይደለም።

አሁን ወደ ሽማግሌው እግር እንመለስ። ስኳር በደም ውስጥ ለዓመታት በዝቶ ሲኖር ከሰውነት ፕሮቲኖች ጋር እየተጣበቀ ይለውጣቸዋል፤ የተለወጡትም ፕሮቲኖች በማክሮፋጆች ገላ ላይ ባለ ተቀባይ እየተያዙ የብግነቱን መልእክት ያለ ምክንያት ያስነሡታል። ኒውትሮፊሎቹም ከዚህ አያመልጡም። እነዚህ ሕዋሳት አንዳንድ ጊዜ ሲሞቱ የዘር ክራቸውን ዘርግተው እንደ መረብ እንደሚጥሉት፣ በመረቡም ባክቴሪያ እንደሚይዙ በ2004 በበርሊን የታወቀ ነበር፤ በ2015 የቦስተን ተመራማሪዎች የስኳር ሕሙማን ኒውትሮፊሎች ይህን መረብ ለመጣል ከጤነኞቹ ይልቅ የተዘጋጁ ሆነው አገኟቸው። መረቡ ባክቴሪያን ይይዛል፤ ነገር ግን የቁስሉን አዲስ ሥጋም ይጎዳል። መረቡን ለመጣል የሚያስፈልገው ኢንዛይም በተፈጥሯቸው የሌላቸው አይጦች ቁስላቸው ፈጥኖ ዳነ፤ መረቡን የሚበጣጥስ ኢንዛይም የተሰጣቸውም እንዲሁ።

በዚህ ላይ መቀበር ያለበት ሳይቀበር ይቀራል። በ2010 የኦሃዮ ተመራማሪዎች የስኳር በሽታ ባለባቸው አይጦች ቁስል ውስጥ ማክሮፋጆቹ የሞቱትን ሕዋሳት የመዋጥ ኃይላቸው እንደ ደከመ አሳይተዋል። ከላይ እንዳልነው መዋጡ ራሱ የለውጥ ምልክት ከሆነ፣ ያልዋጠ ማክሮፋጅ አይለወጥም፤ ያልተለወጠውም እንደ መጀመሪያው ቀን የብግነትን መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ ሌሎች ኒውትሮፊሎችን ይጠራል፤ እነርሱም መጥተው በተራቸው ሳይቀበሩ ይሞታሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሥጋ የሚያቀልጡ ኢንዛይሞች ከሕዋሳቱ እየፈሰሱ ፋይብሮብላስቱ የፈተለውን ኮላጅን ይበጣጥሱታል። ወር ያለፈው ቁስል በጠባዩ የሦስት ቀን ቁስል ሆኖ ይኖራል። የቺካጎ ተመራማሪዎች በ2013 ከእነዚህ መልእክቶች አንዱን፣ ኢንተርሊውኪን አንድ ቤታ የሚባለውን፣ በአይጦች ቁስል ላይ ቢያግዱት ማክሮፋጆቹ ወደሚያድሰው ጠባይ አዘነበሉ፣ ቁስሉም ተሻለው፤ ይህም አዙሪቱ በአንድ ስፍራ ቢቆረጥ ሊፈታ እንደሚችል ያመለክታል።

«ስኳሬ ወርዷል» የሚለው የሽማግሌው ክርክር ግን ገና አልተመለሰም። ማክሮፋጅ በቁስል ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ጊዜ ነው፤ አሮጌው ሞቶ ከአጥንት መቅኔ አዲስ ሲመጣ፣ አዲሱ ስኳሩ ከወረደ በኋላ የተወለደ ነውና ስለ ምን የአሮጌውን ጠባይ ይወርሳል? በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ካትሪን ጋላገርና ባልደረቦቿ በ2015 ያቀረቡት መልስ የሚያስደነግጥ ነው። በስብ መኖ ተመግበው ስኳር በሽታ በያዛቸው አይጦች ዘንድ፣ የዘር ክሩን ጠምጥሞ በሚይዘው ፕሮቲን ላይ የሚቀመጥ አንድ የማገጃ ምልክት፣ ብግነት ከሚያስነሡት ጂኖች በአንዱ ላይ ሳስቶ ተገኘ፤ ምልክቱ የሳሳውም በቁስሉ ውስጥ ባሉት ማክሮፋጆች ብቻ ሳይሆን እነርሱን በሚወልዱት በመቅኔ ሕዋሳት ላይ ነው። ልጁ ገና ወደ ቁስሉ ሳይደርስ በመቅኔ ሳለ ለቁጣ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። በአይጥ የተገኘው በሰው ልክ እንደዚያው ይሆናል ብሎ መማል ባይገባም፣ የዛሬ ወር የወረደ ስኳር የአሥር ዓመቱን ታሪክ ወዲያው እንደማይፍቅ ለመረዳት ይበቃል። ይህን ሰምቶ ስኳርን መቆጣጠር ከንቱ ነው የሚል ቢኖር ግን ነገሩን ገልብጦ ተረድቶታል፤ ምልክቱ የሚሳሳው ስኳሩ ከፍ ብሎ በኖረባቸው ዓመታት ነውና።

በዚህ መካከል ስማቸው ዘግይቶ የተሰማ ሌሎች ሕዋሳት አሉ። የጃፓኑ ሊቅ ሺሞን ሳካጉቺ በ1995፣ ከነጭ ሕዋሳት መካከል ሌሎቹን የመግታት ሥልጣን የተሰጣቸው ቲ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳየ፤ እነዚህ ተቆጣጣሪ ሕዋሳት ከሌሉ የመከላከያው ሥርዓት በገዛ ሥጋው ላይ ይነሣል። ለዚህም እርሱ ከሜሪ ብሩንኮና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር የ2025ን የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በ2016 የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ቆዳ ሲቆስል ተቆጣጣሪዎቹ ፈጥነው ወደ ስፍራው ይሰበሰባሉ፤ ቢወገዱ ብግነት የሚያስነሡት ማክሮፋጆች ይበዛሉ፣ ቁስሉም ለመዘጋት ይዘገያል። ስለዚህ ስንብቱ በአንድ ምልክት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የሞቱትን መዋጥ አንደኛው ነው፣ የተቆጣጣሪዎቹ መልእክት ሌላው ነው፣ ገና ያልተቆጠሩም ይኖራሉ።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው፣ እንግዲያስ ብግነቱን በመድኃኒት ማፈን ነው መፍትሔው ሊል ይችላል። ብዙ ሊቃውንትም ለጊዜው እንዲህ አስበው ነበር። ኮርቲዞን ግን ብግነትን እንደሚያፍን ሁሉ ቁስልንም እንደሚያዘገይ ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የሮስም ጊኒ ፒጎች ምስክር ናቸው። ከዚያም የሚከብድ ነገር በቅርቡ ከሰው ቁስል ተገኘ። የአይጥ ቆዳ ከሥሩ ስስ ጡንቻ ስላለው ቁስሉ የሚዘጋው ይበልጡን ተሰብስቦ ነው፤ የሰው ቁስል ግን አዲስ ሥጋ ሞልቶ፣ አዲስ ቆዳም ከዳር ተስፋፍቶ መዘጋት አለበት። በሚያሚ በ2020 የተደረገ ጥናት የስኳር ሕሙማንን የእግር ቁስል ከአዲስ የቆዳና የአፍ ቁስል ጋር ሲያስተያይ፣ በማይድነው ቁስል ውስጥ ነጭ ሕዋሳቱን የመጥራቱ ኃይል ራሱ ደክሞ አገኘው። በ2022 ደግሞ በቦስተን የአሪስቲዲስ ቬቬስ ቡድን ወደ 175,000 የሚጠጉ ሕዋሳትን አንድ በአንድ አንብቦ፣ ቁስላቸው በዳኑት ሕሙማን ዘንድ የሚያጸዱት፣ ኤም አንድ የሚባሉት ማክሮፋጆች፣ ካልዳኑት ይልቅ በዝተው እንደ ተገኙ ዘገበ። ይህ ከአይጦቹ ታሪክ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ይመስላል።

የሚጋጭ ይመስላል እንጂ፣ እኔ እንደማየው፣ ሁለቱን የሚያስታርቅ አሳብ አለ፤ ጥያቄውን ስለ ብዛት ማድረጋችንን ትተን ስለ ጊዜ ብናደርገው። የሰው የከረመ ቁስል በመጀመሪያው ጥሪ ቆርጦ ያልተነሣ፣ በመጨረሻውም ቆርጦ ያልተሰናበተ ነው፤ ብግነቱ ለብ ብሎ ይኖራል፣ አይጸዳም፣ አይታደስም። ሐኪም የሞተውን ሥጋና የደደረውን ጠርዝ በምላጭ አንሥቶ ቁስሉን ትኩስ የሚያደርገውም ለዚህ ሳይጠቅም አይቀርም፤ የከረመውን ቁስል ወደ መጀመሪያው ቀን መልሶ ሥርዓቱን እንደገና ያስጀምረዋል። ሐኪሞች ግን ይህን ያደርጉ የነበረው ማክሮፋጅ ስለሚባል ነገር ሳያስቡ ነው።

ከመድኃኒቶቹ የሁለቱ ታሪክ ይህን አሳብ ይደግፋል። በ1997 በአሜሪካ የተፈቀደው ቤካፕለርሚን የተባለ ቅባት የሚያድሱትን ሕዋሳት የሚያነቃቃ የእድገት ፕሮቲን የያዘ ነው፤ ረድቷል፣ የተጠበቀውን ያህል ግን አልረዳም። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ሥጋ የሚያቀልጡት ኢንዛይሞች በነገሡበት ቁስል ላይ የተቀባ ፕሮቲን ራሱ መቅለጡ ነው። በ2021 ታይዋን የፈቀደችው ሌላ ቅባት ከሁለት ዕፀዋት የተቀመመ ሲሆን፣ ዓላማው በቀጥታ የማክሮፋጆቹን ጠባይ መለወጥ ነው፤ በ236 ሕሙማን ላይ በተደረገው ሙከራ በ16 ሳምንት ውስጥ ቅባቱን ከተቀቡት ከመቶ 60.7፣ በተለመደው ማሸጊያ ከታከሙት ከመቶ 35.1 ድነዋል። ውጤቱ ደስ ያሰኛል፤ ቢሆንም ከተቀቡት ከመቶ 40 ያህሉ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዳልዳኑ መርሳት አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን በጀሶ የሚሠራው አሮጌ ጥበብ ነው። ፖል ብራንድ የተባለው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ከ1946 ጀምሮ በሕንድ አገር በቬሎር ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም፣ እግራቸው የሚቆስለው ሥጋቸው በደዌው ስለሚበሰብስ እንዳልሆነ፣ ሕመም ስለማይሰማቸው የቆሰለውን ደጋግመው ስለሚረግጡት እንደ ሆነ ተረዳ፤ እግሩን እስከ ጉልበት በጀሶ እያሸገ ሸክሙን ከቁስሉ ላይ በማንሣት ብዙዎቹን አዳነ። በኋላም በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና ግዛት በካርቪል ሲሠራ፣ ጥበቡ ወደ ስኳር ሕሙማን ተሻገረ። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ በ1965 የተቋቋመው አለርት የደነዘዘ እግር የሚታከምበትና ሐኪም የሚሠለጥንበት ቤት ሆኖ ሲኖር፣ በዚያው ቅጥር በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ከሥጋ ደዌ ጋር ያላቸውን ነገር መመርመር ጀመረ። የደነዘዘ እግርና ነጭ ሕዋስ በአንድ ግቢ ውስጥ ከተገናኙ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ስለ ጀሶው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ሸክም ማቅለሉ ነው። በ2003 የኢጣልያ የፒሳ ከተማ ሐኪሞች ግን ከዚያ የጠለቀ ነገር አዩ። ከሕሙማኑ ግማሾቹን ለ20 ቀን በጀሶ አቆይተው፣ ግማሾቹን ሳያቆዩ፣ የቁስሉን ሥጋ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ቢያስተያዩ፣ በጀሶ ከቆዩት ዘንድ ብግነቱ ቀንሶ፣ አዳዲስ የደም ሥሮችና ፋይብሮብላስቶች በዝተው አገኙ። ቅባት አልተቀቡም፣ ልዩ መርፌም አልተወጉም። በደነዘዘ እግር መርገጥ ቁስሉን በየእርምጃው እንደገና ያቆስለዋል፤ እያንዳንዱም እርምጃ ነጭ ሕዋሳቱን እንደገና ይጠራቸዋል፤ ጥሪው በቀን ሺህ ጊዜ ከተደገመ ስንብት ከወዴት ይመጣል? ነርሷ «አይርገጡበት» ያለችው፣ በዚህ ዓይን ሲታይ፣ ስለ ማክሮፋጅ የተሰጠ ትእዛዝ ነው።

ትእዛዙ ቀላል ሆኖ መፈጸሙ ከባድ ነው። ጀሶ አስሮ የሚያውቅ ባለሙያ በሁሉ ስፍራ አይገኝም፤ በክራንች የሚሄድ ሰው ታክሲ ለመሳፈር ይጋፋል፤ የዕለት እንጀራውን በእግሩ የሚያገኝ ሰው ለሁለት ወር ተቀመጥ ቢባል ማን ያበላዋል? ደግሞም ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ወደ መስጊድ ስንገባ ጫማ ማውለቅ የኖረ ሥርዓታችን ነው፤ እግሩ የደነዘዘ ሰው በቀትር የጋለ ድንጋይ ቢረግጥ ወይም ጠጠር ቢወጋው የሚያውቀው ማታ ካልሲው ደም ሲነካ ነው። በክረምት እግርን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማሞቅም ብዙ ቁስል ያመጣል። ንጹሕ ወፍራም ካልሲ ማድረግ፣ ከቅዳሴ መልስ እግርን በብርሃን መመልከት፣ ዓይን ቢደክም ልጅን ማስመልከት የሚቻል ነገር ነው፤ ይህን የሚያስተምሩ ካህናትና ኢማሞች ቢበዙ ከብዙ ቅባት ይልቅ ይጠቅማሉ ብዬ አምናለሁ።

ማክሮፋጆቹ ጠባያቸውን ይለውጡ አይለውጡ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን በማይክሮስኮፕ አይመረመርም፤ ሆኖም በውጭ የሚታይ ምልክት አለ። በ2003 በ203 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት የቁስላቸው ስፋት ከግማሽ በላይ ከቀነሰላቸው ከመቶ 58 በ12 ሳምንት ሲድኑ፣ ያን ያህል ካልቀነሰላቸው የዳኑት ከመቶ 9 ብቻ እንደ ሆኑ አሳየ። ይህን ለመለካት የወረቀት ሜትርና ቀን የሚጻፍበት ካርድ ይበቃል። በአራተኛው ሳምንት ግማሹን ያልቀነሰ ቁስል ያንኑ ጎዝ እየተለወጠለት ወር መጨመር የለበትም፤ የደም ሥሩ ጠብቦ እንደ ሆነ ይመረመራል፣ ረቂቃን ተሕዋስያን ወደ አጥንት ዘልቀው እንደ ሆነ በራጅ ይታያል፣ የሞተው ሥጋ እንደገና ይነሣል፣ ሕመምተኛው ምን ተጫምቶ እንደሚሄድና በቀን ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሚውልም ይጠየቃል።